መጀመሪያ፣ የወር አበባ ለምን ቀረ?
ሀዋሳ ውስጥ ለእናቶችና ለሴት ተማሪዎች የቀረበ ንግግር

እናቶች፣ እህቶች፣ ከኋላ የተቀመጣችሁ ተማሪዎችም፣ እንደምን ዋላችሁ!

አዋላጅ ነርስ ነኝ። እዚሁ ሀዋሳ ስሠራ በሩ ተዘግቶ፣ ድምፅ ዝቅ ተደርጎ የምጠየቀው ጥያቄ አለ። «ሲስተር፣ አበባዬ ቀረ። ምን ልጠጣ?»

ብዙውን ጊዜ ሰፈሩ ከእኔ ቀድሞ መልሶላታል። አንዷ ጤና አዳም ቀቅለሽ ጠጪ ብላታለች፣ ሌላዋ አብሽ። ሲብስም እንዶድና ኮሶ ይነሳሉ።

ጤና አዳምን እወደዋለሁ። እናቴ ቡና ስታፈላ ከጓሮ አንድ ቅንጣት ቀንጠስ አድርጋ ሲኒው ውስጥ ጣል ታደርግልን ነበር። ያ ሽታ እስከዛሬ ከአፍንጫዬ አልጠፋም። ግን ለቡና የምትገባው ቅንጣት ሌላ፣ ጭብጥ ሙሉ ቅጠልና ፍሬ አፍልቶ መጠጣት ሌላ ነው። ሲበዛ ማሕፀንን ያኮማትራል፣ ጉበትና ኩላሊትንም ይጎዳል። «አበባ ያመጣል» የሚባለው ቅጠልና ጽንስ ለማስወረድ የሚጠጣው ቅጠል አንድ ነው። እንዶድና ኮሶማ ጭራሽ አይሞከሩም።

አንዲት ልጅ ጤና አዳሟን በፌስታል ቋጥራ መጣች። «ስንት ብርጭቆ ልጠጣ?» አለችኝ። መጀመሪያ ሽንትሽን እንይ አልኳት። ነፍሰ ጡር ነበረች፣ አላወቀችም። ያን ቅጠል ቤቷ ብቻዋን ጠጥታ ደም ቢፈሳት ማን ይደርስላት ነበር?

አበባ የሚቀረው በእርግዝና ብቻ አይደለም። ማጥባት ያስቀረዋል። የሦስት ወር የወሊድ መከላከያ መርፌ ያዛባዋል፤ እንቅርትም፣ የሆርሞን ችግርም፣ ጭንቀትም፣ ድንገት መክሳትም እንዲሁ። ታዲያ ለዚህ ሁሉ አንድ ቅጠል እንዴት መድኃኒት ይሆናል?

ዝንጅብልን ግን ልመስክርለት። የወር አበባ ሕመምን እንደሚያስታግስ በጥናት ታይቷል። ሲጀምራችሁ ትኩስ የዝንጅብል ሻይ ጠጡ፣ ሆዳችሁ ላይ ሙቅ ነገር አድርጉ። ደም ማቅጠኛ የምትወስድ ሴት ግን ሐኪሟን ትጠይቅ። ደግሞም ዝንጅብል ሕመሙን ያስታግሳል እንጂ ቀኑን አያስተካክልም።

ስለ ቀን ካነሳን፣ ብዙዎቻችሁ «ተዛባብኝ» የምትሉት ምንም ሳይዛባ ነው። የእኛ ወር 30 ቀን ነው፣ የብዙ ሴት ዑደት ደግሞ 28 ቀን ገደማ። ጥቅምት 10 የመጣ አበባ ኅዳር 8፣ ከዚያ ታኅሣሥ 6 ይመጣል። በየወሩ ሁለት ቀን ቀደመ ማለት ተዛባ ማለት አይደለም። መስከረም ላይ ስትቆጥሩም ጳጉሜን እንዳትዘሉ። ለትልቅ ሴት ከ21 እስከ 35 ቀን ጤነኛ ነው። ፔሬድ ካያችሁ ገና ጥቂት ዓመት የሆናችሁ ልጆች ደግሞ እስከ 45 ቀን ቢቆይ አትደንግጡ። ደም የጀመራችሁበትን ቀን ካሌንደር ላይ አክብቡ፤ እኛ ጋ ስትመጡ መጀመሪያ የምንጠይቃችሁ እሱን ነው።

ሦስት ወር ከቀረ፣ ከሰባት ቀን በላይ ከፈሰሰ፣ ወይም ካዞራችሁ ኑ። ሞዴስ በየሰዓቱ የሚርስ ከሆነ ግን ነገ አትበሉ፣ ያኔውኑ ኑ። እርግዝና ከጠረጠራችሁም ከማንኛውም ቅጠል በፊት ምርመራው ይቅደም።

የጠጣችሁትንም አትደብቁን። አንቆጣም። ቅጠሉን ራሱን ይዛችሁ ኑ። በሩን እዘጋዋለሁ።