በረዶውን የት እንድፋው?

እሺ... እየቀዳ ነው መሰለኝ። ሰላም ሰላም፣ እንዴት ሰነበታችሁ። ዛሬ እንግዳ የለም፤ እኔና ማይኩ ብቻ ነን። ምክትሉም፣ ውሻችን ማለቴ ነው፣ በሩ ሥር ተጋድሟል፣ ማንኮራፋት ከሰማችሁ የእሱ ነው።

ባለፈው ከዝናቡ ጋር ግቢያችን ላይ ስለወረደው በረዶ ነው የማወራው። አውቃለሁ፣ ቀልጦ አልቋል፣ ሰዉም ረስቶታል። እኔን ግን አንድ ነገር አልለቀቀኝም። እሱ ጋ እደርሳለሁ። መጀመሪያ ሒሳቡን ልንገራችሁ፤ ምክንያቱም እኛ ግቢ «በምን እንጥረገው» የሚባለው ክርክር ሁልጊዜ የሚጀመረው ያለ ሒሳብ ነው፣ የሚያልቀው ደግሞ በሊቀመንበሩ ጩኸት።

ግቢውን 4 ሜትር በ8 ሜትር አድርጉት። ፒያሳ ላይ ይሄ ሰፊ ነው፣ አትቀልዱ። 5 ሴንቲሜትር በረዶ ተኝቶበታል። 32 ካሬ በ5 ሴንቲ፣ 1.6 ሜትር ኩብ መጣ። የተከመረ በረዶ በፍሬዎቹ መሀል አየር ስላለ በሜትር ኩብ ወደ 550 ኪሎ ይመዝናል። ስለዚህ እግራችን ሥር ያለው 880 ኪሎ ግድም ነው። ዘጠኝ ኩንታል ሊሞላ ምንም አልቀረው! በ20 ሊትር ባልዲ 80 ባልዲ። ከጣሪያ ተንሸራቶ የሚወርደው ገና አልተቆጠረም።

ዴንቨር ያለው ዘመዳችን፣ አዎ እሱ፣ «እኛ አገር» ሲል የትኛውን አገር እንደሆነ የማይታወቀው፣ ቪዲዮ ልኮልኛል። ባለሞተር ማሽን ነው፤ ስኖውን፣ ያን እንደ ጥጥ የሚወርደውን በረዶ፣ ከፊት እየበላ በጎን ወደ ሣሩ ይተፋዋል። «ይሄን ግዙ» ነው የሚለው። እሺ። እሱ የሚጠርገው አዲስ የወረደ ስኖው በሜትር ኩብ ከ50 እስከ 100 ኪሎ ነው። የእኛው ከአምስት እጥፍ በላይ ይከብዳል፣ ያውም ውሃ ያዘለ። ማሽኑ ደግሞ የሚተፋበት ሣር ይፈልጋል። እኛ ጋ በአራቱም በኩል ግድግዳ ነው፤ ቢተፋ የሚተፋው የሰው መስኮት ላይ ነው።

ጨው በትኑም ይላል። እዚያ ጨው የሚበተነው መሬቱ ራሱ ከዜሮ በታች ስለሆነ ነው፤ የቀለጠው ተመልሶ እንዳይረጋ። ተራ ጨው እስከ 9 ዲግሪ ከዜሮ በታች ድረስ ደህና ይሠራል፣ ከዚያ ወዲያ ሲበርድ ይዳከማል። እዚህ ግን በረዶው ሲያባራ አየሩ ከዜሮ በላይ ነው፣ መሬቱም እንደዚያው፣ በረዶው በራሱ መቅለጥ ጀምሯል። ጨዉ የሚተርፈን የላሜራውን በር ግርጌ ለማዛግ፣ ጤና አዳሙን ለማድረቅና ኮንክሪቱ ውስጥ ሰርጎ ፌሮውን ለመብላት ነው። የአፍዴራን ጨው ለወጥ ተዉት።

ሙቅ ውሃስ? ይሄኛው የሊቀመንበሩ ሐሳብ ነው፣ ስለዚህ ቀስ ብዬ ነው የምይዘው። አንድ ኪሎ በረዶ ለማቅለጥ እስከ 80 ዲግሪ የሞቀ አንድ ሊትር ውሃ ያስፈልጋል። ያውም ውሃው ሙቀቱን ሁሉ ሰጥቶ ራሱ ዜሮ እስኪገባ። አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ ስለሆነች ውሃ የሚፈላው በ92 ዲግሪ አካባቢ ነው። ስለዚህ አንድ ባልዲ የፈላ ውሃ ሁለት ባልዲ በረዶ ቢያቀልጥ ነው። ለ80ው ባልዲ 38 ባልዲ የፈላ ውሃ! በምን ከሰል? የቧንቧውማ ጭራሽ ነው፤ 18 ዲግሪ ቢሆን እንኳ ለአንድ ኪሎ በረዶ ከ4 ሊትር በላይ ይሄዳል። በፈረቃ የምትመጣ ውሃ ጎማ ሰክተን ልናርከፈክፍ ነው? ሙቅ ውሃ አንድ ቦታ ላይ ብቻ ዋጋ አለው። የፍሳሹ አፍ ላይ። አንድ ማንቆርቆሪያ እዚያ ብታፈሱ ፍርግርጉ ላይ የተጣበቀውን ይለቀዋል። በቃ።

ቆይ፣ በነገራችን ላይ ለምን እኛ ላይ ይበዛል የሚለውን ታውቃላችሁ? በእኛ ሰማይ ሙቀቱ ዜሮ የሚደርሰው ከ4,500 እስከ 5,000 ሜትር ከፍታ ላይ ነው። የበረዶው ፍሬ ከዚያ ወርዶ ፒያሳ እስኪደርስ በሞቃት አየር የሚጓዘው 2,500 ሜትር ቢሆን ነው። ድሬዳዋ ለመድረስ 3,500 ሜትር ይጓዛል፤ ትንንሹ ፍሬ መንገድ ላይ አልቆ ዝናብ ይሆናል። እኛ ጋ ሳያልቅ ይደርሳል። እንጦጦ ላይ ደግሞ... ተዉት፣ እንጦጦን ከጀመርኩ አልጨርስም።

እና ምን ይሠራል? ቅደም ተከተል ነው የሚሠራው። ብዙ ሰው ከአካፋው ይጀምራል። አይደለም። መጀመሪያ ነጎድጓዱ ይለፍ፤ ከመጨረሻው ድምፅ በኋላ 30 ደቂቃ። ብረት አካፋ ይዞ ክፍት ግቢ መሀል መቆም የሞኝ ሥራ ነው። ከዚያ ቦቲ አድርጉ፣ በነጠላ ጫማ የወጣ ሰው ወገቡን ይዞ ነው የሚመለሰው። ከዚያ በቀጥታ ፍሳሹ ጋ።

ፍሳሹን የሚዘጋው በረዶው ብቻውን አይደለም። በረዶው የአቮካዶውን ቅጠል ይቀድዳል፣ ጌሾውን ያራግፋል፣ ቅጠሉ ጠፍጠፍ ብሎ ፍርግርጉ ላይ ይተኛል፣ በላዩ በረዶው ይከመራል፣ በላዩ ውሃው ይጫነዋል። ሦስቱ ተያይዘው ምንጣፍ ይሆናሉ። ጫፉን ይዛችሁ ብታነሱት ፍርግርጉ እንደታተመበት ቁጭ ብሎ ነው የሚነሳው፣ ከሥሩም ውሃው ጉልል ብሎ ይገባል። ታዲያ ወደ ላይ አንሱት ነው የምላችሁ። በእንጨት ወደ ውስጥ ከጎረጎራችሁት ቅጠሉ ቱቦው የሚታጠፍበት ላይ ሄዶ ይቀመጣል፤ ያኔ ሊሾ መስበር ሊመጣ ነው። ያነሳችሁትን ቅጠል ማዳበሪያ ውስጥ ክተቱ፤ ዳር ላይ ካስቀመጣችሁት ተመልሶ ይመጣል።

ሁለተኛ መንገድ። 80ውን ባልዲ ማንም አላስገደዳችሁም። ከቤት እስከ ውጭ በር 60 ሴንቲ ስፋት ያለው መንገድ ብቻ ክፈቱ፤ 8 ሜትር ቢሆን 130 ኪሎ ግድም ነው፣ 12 ባልዲ። ያውም ሳይረገጥ። የተረገጠ በረዶ ይጠቀጠቅና ድንጋይ ይሆናል። አካፋው ጠፍጣፋ ይሁን፤ ሹሉ አካፋ በየኮብልስቶኑ ስንጥቅ ይነክሳል፣ እጀታውም ደረት ይመታል። ጠፍጣፋ ከሌለ 60 በ30 የሆነ ኮምፔርሳቶ መጥረጊያ እንጨት ላይ ምቱና ግፉ። ማንሳት አይደለም፣ መግፋት። የሊቀመንበሩን ታሪካዊ አካፋ ግን አትንኩ፣ እጀታዋ አሁንም በላስቲክ ነው የታሰረችው።

አሸንዳ... አሸንዳን በአጭሩ። 15 በ12 ሴንቲ የሆነ አሸንዳ በረዶ ሲሞላ በሜትር 10 ኪሎ ነው፤ ውሃ ሲገባበት 17። ሚስማሩ ያንን ለመሸከም አልተመታም። ከሥሩ አትቁሙ፣ በእንጨት ከታች አትምቱት። መሰላል ከጎን አስደግፋችሁ የመውረጃ ቱቦውን አፍ ብቻ ክፈቱ፣ ሌላውን ውሃው ራሱ ይጎትተዋል። ቆርቆሮው ላይ አትውጡ። 35 ጌጅ ቆርቆሮ፣ እርጥብ፣ በረዶ ያለበት... አትውጡ።

እና... እሺ። ያ ነገር።

በረዶው አባርቷል። የላይኛዋ እትዬ በራፋቸው ላይ የነበረውን በሳፋ ሞልተው ያዙ። ያቺ ሰፊዋ የልብስ ሳፋ፣ 15 ኪሎ ብትሆን ነው። ውሃው ከሥሯ እየተንጠባጠበ ቀሚሳቸውን ያርሳል፣ ጣታቸው ቀልቷል። መሀል ግቢ ድረስ መጡና ቆሙ። «የት ልድፋው?» አሉ።

ይኸው ነው። ሌላ የተለየ ነገር አልተፈጠረም። ግን ማንም መልስ አልነበረውም፣ ያ ነው ያልለቀቀኝ። ሁሉም ሰው እቃ ይዟል። አካፋ፣ መጥረጊያ፣ ባልዲ። በምን እንደሚጠረግ ግማሽ ሰዓት ተጨቃጭቀናል። የት እንደሚደፋ አንድ ሰው አላሰበም።

አሁን እንየው ደግሞ፣ በቀስታ። ፍሳሹ ላይ ይድፉት? አሁን ነው የተከፈተው። አትክልቱ ላይ? ጎመኑ ገና እንደተቀደደ ነው፣ ላዩ ላይ ሌላ 15 ኪሎ ሊጫን ነው። ጥግ ላይ? የእኛ ጥግ የሚባለው የአንዱ ግድግዳ ሥር ነው፤ ያ ግድግዳ ጭቃ ነው፣ ሌሊቱን ሙሉ ሲቀልጥ ሲጠጣው ያድራል። ሊቀመንበሩ «ወደ ውጭ ነዋ! መንገድ ላይ!» አለ። እትዬ ወደ በሩ አንድ እርምጃ ሄዱ። ከዚያ ቆሙ። ምክንያቱም እሳቸውም እኔም እሱም እናውቃለን፤ መንገዱ ቁልቁል ነው። ከበሩ ውጭ የተደፋው በረዶ ቦዩን ይዘጋል፣ ቦዩ ሲዘጋ ውሃው በኮብልስቶኑ ላይ ይሄዳል፣ በኮብልስቶኑ ላይ ሲሄድ የታችኞቹ ግቢ ነው የሚገባው። የታችኞቹ ደጃፍ ከመንገዱ ዝቅ ያለ ነው፤ ከሰሉም፣ ምጣዱም፣ የእንጀራ ሊጡም መሬት ላይ ነው ያለው።

ሳፋውን እንደያዙ... ማስቀመጥም አልቻሉ፣ መድፋትም አልቻሉ። «ልጄ፣ የት ልድፋው?» አሉ ደግሞ፣ አሁን ወደ እኔ። ድምፃቸው ልመና አልነበረውም፣ ቁጣም አልነበረውም። ዝም ብሎ ጥያቄ ነው። እኔ ደግሞ ስለ አካፋ ብትጠይቁኝ... ሦስት ክፍል እሠራለሁ።

በቴክኒክ መልስ አለው፣ አለው። በርሜል ነው። 200 ሊትር በርሜል 110 ኪሎ በረዶ ይይዛል፣ ሲቀልጥ 110 ሊትር ውሃ ነው። ለመጠጥ አይደለም፣ ጣሪያ የነካ ነገር ነው፤ ለሽንት ቤት፣ ለወለል፣ ለቦቲ ማጠቢያ ግን ወርቅ ነው፣ በተለይ ፈረቃችን ባልሆነ ቀን። መንገዱን የከፈታችሁበት 12 ባልዲ አንድ በርሜል ሞልቶ ትንሽ ይተርፋል። የተረፈው ይከመር፤ ግን ከፍሳሹ ቢያንስ አንድ ሜትር ራቅ ብሎ፣ በላይኛው በኩል፣ ከግድግዳ ተለይቶ። ያኔ ውሃው ብቻ ወደ ፍሳሹ ይሄዳል፣ በረዶው ባለበት ይቀራል። የተከመረ ቶሎ አይቀልጥም፣ በማግስቱም ሊኖር ይችላል። ያ ደግሞ ጥሩ ነው፣ ቱቦው ቀስ ብሎ ነው የሚጠጣው። ለመቸኮል የፈለገ ይበትነዋል፤ የተበተነ ቶሎ ያልቃል፣ ውሃውም በአንድ ጊዜ ይመጣል።

ስለዚህ «በርሜሉ ውስጥ፣ እትዬ» ማለት ይቻል ነበር። ብዬም ነበር፣ በኋላ። ግን በርሜሉ የማን ነው? አንድ ነው፣ የሊቀመንበሩ ነው፣ ክዳኑም ተቆልፏል። (ሳቅ) አይ፣ እውነቴን ነው። ቁልፉ እስኪመጣ...

እና ይሄ አይደለም የከበደኝ መሰለኝ። እንዴት ልበላችሁ... እኛ ከላይኞቹ የሚወርደውን እንቀበላለን፣ የታችኞቹ ከእኛ። ሁሉም ጠራርጎ ግቢውን ሲያጸዳ ንጹሕ የሚሆነው የራሱ ብቻ ነው። ወይም... እንዲህ ስለው ደግሞ ስብከት መሰለ። በረዶ ነው ባካችሁ። በማግስቱ የለም። ምናልባት እያካበድኩት ነው።

አንድ ተግባራዊ ነገር ግን አለ። ከግድግዳው ሥር የሚወጣው ቱቦ የ50 ሚሊሜትር ነው። በ110 ቢቀየር አፉ አምስት እጥፍ ሊሆን ምንም አይቀረው፤ በሜትር ሁለት ሴንቲ ቁልቁለት ተሰጥቶት፣ ከመግቢያው ፊት ቅጠል የሚይዝ ትንሽ ጉድጓድ ተሠርቶለት። ሊሾው ይሰበራል፣ አዎ። ሥራው ቢበዛ ቅዳሜና እሁድ ነው። ችግሩ መዋጮው ነው። በየቤቱ እኩል እናዋጣ ሲባል፣ እትዬ ያላቸው አንዲት ክፍል ናት፣ ጣሪያቸው 18 ካሬ ነው። በቆርቆሮ ስፋት ይሁን ከተባለ ደግሞ ሊቀመንበሩ 60 ካሬ አለው፣ ሦስት እጥፍ ከፋይ ሊሆን ነው፣ ያኔ ስብሰባው... እና ደግሞ ቱቦውን ካሰፋነው ውሃው በፍጥነት ነው የሚወጣው፣ ወደ... ወደ ታችኞቹ ማለት ነው። ቆይ። እነሱን ማን አናገራቸው? እኛ 110 አደረግን ብንል የእነሱ ቦይ... አላውቅም፣ ልክ ስፋቱን እንኳን ለክቼ... ምክትል፣ ተው፣ ገመዱን ልቀቅ። ተው አልኩህ...