ዋጋ በኢንቦክስ

ሰላም ሰላም፣ እንዴት ናችሁ። ዛሬ ብቻየን ነኝ፣ እንግዳ የለም። ከጀርባ የምትሰሙት ዝናብ ነው፣ ፍኖተ ሰላም ላይ በክረምት ቆርቆሮ ስር ቁጭ ብሎ መቅዳት ምን ማለት እንደሆነ የሚያውቅ ያውቀዋል፣ ስለዚህ ጮክ ብየ ነው የማወራው፣ ይቅርታ።

ባለፈው አንዲት ልጅ በቴሌግራም «በርበሬውን በሶሻል ሚዲያ እንዴት ነው የምትሸጡት፣ እኔም ማር ልጀምር ነው» ብላ ጠየቀችኝ፣ መልስ መጻፍ ጀመርኩና ሲረዝምብኝ ጊዜ ኧረ ይሄንማ ላውራው አልኩ።

እኛ በርበሬ ነው የምንሸጠው። ማለቴ እማየ ናት የምትሸጠው፣ እኔ ስልኩን ነው የያዝኩት። ቡሬ፣ ጃቢ ጠህናን፣ ይሄ አካባቢ በበርበሬ የታወቀ ነው መቼም። እማየ ዛላውን ራሷ ገበያ ወጥታ እየዳሰሰች መርጣ ትገዛለች፣ ቀንጥሳ፣ አስጥታ፣ ከነጭ ሽንኩርቱ ከዝንጅብሉ ከበሶብላው ከኮረሪማው ጋር ወቅጣ፣ እንደገና አድርቃ፣ ከዛ ወፍጮ ቤት። ይሄን ሁሉ ከኔ መወለድ በፊት ነው ስትሰራ የኖረችው። እኔ ደግሞ ከዩኒቨርሲቲ ወጥቼ ስራ ሳጣ «ብራንድ እንገነባለን» ብየ መጣሁባት።

መጀመሪያ ምን አደረግኩ፣ ሎጎ አሰራሁ። ዛላ በርበሬ፣ ከኋላው ጢስ ዓባይ ፏፏቴ። በጣም ነበር የኮራሁበት። እማየ አየት አድርጋ «አንች፣ ይሄ ውሃ ምንድነው? በርበሬው ሊረጥብ ነው እኮ» አለችኝ። ሳቅኩባት ያኔ። አሁን ሳስበው ግን በርበሬ የሚገዛ ሰው ዋና ፍርሃቱ እርጥበት ነው፣ ይሻግታል፣ እና እኔ ፏፏቴ ስር ነው ያስቀመጥኩት።

ከዛ ቲክቶክ። በርበሬው ሰሌን ላይ እንደተሰጣ ከፊቱ እስክስታ መታሁ፣ ትከሻ የጎጃም ነው እንግዲህ፣ 140 ሺ ምናምን ቪው አገኘ፣ ሌሊቱን ሙሉ ስልኬ ሲንጫጫ አደረ። ስንት ኪሎ ሸጥኩ መሰላችሁ? ሦስት። አንዱን ኪሎ የገዛችው አክስቴ ናት። ቲክቶክ ቪዲዮውን የሚያሰራጨው ሰው ቆይቶ ካየው ነው እንጂ ወጥ ሊሰራ ያሰበ ሰው ፈልጎ አይደለም፣ ትከሻየን ያየ ሰው ትከሻየን አይቶ ሄደ፣ በቃ።

ቡስት ደግሞ አለ፣ ከፍሎ ማስተዋወቅ ማለት ነው። ፌስቡክ ላይ ለማስተዋወቅ በኛ ተራ የብር አካውንት አይከፈልም፣ ውጭ የሚሰራ ካርድ ይጠይቃል፣ ስለዚህ መሀል ላይ «እኔ እከፍልልሻለሁ» የሚል ሰው ይመጣል። መጣልኝ። ብሩን በቴሌብር ላኩለት፣ እሱም የሆነ ስክሪንሾት ላከልኝ፣ ከዛ የኔን ቁጥር ብሎክ አደረገው። ስሙን አልጠራም፣ ስሙም ያ መሆኑን እንጃ።

እና የዋጋው ነገር። ሁሉም ሻጭ እንደሚያደርገው «ዋጋ በኢንቦክስ» እያልኩ ነበር የምለጥፈው፣ ለምን እንደሆነ ራሴም አላውቅም፣ ሌሎቹ ስላደረጉት ነው። አንድ ቀን እማየ «አንዷ ስንት ነው ብላ ጠይቃለች፣ ለምን አትነግሪያትም?» አለችኝ። «ኢንቦክስ ነው የምንነግረው» አልኳት። «እኔ ገበያ ላይ ስንት ነው ስባል ነይ በጆሮሽ ልንገርሽ እላለሁ እንዴ?» አለች። ሃሃ፣ እውነቷን እኮ ነው! ገበያ ላይ እንዲህ የምትል ሴትዮ ብታዩ ትሸሻላችሁ፣ ሌባ ናት ነው የምትሉት። በነጋታው ዋጋውን ቪዲዮው ላይ በትልቁ ጻፍኩት። ኮሜንቱ ቀነሰ፣ አዎ፣ ግን ሚመጣው ሰው ዋጋውን አይቶ የመጣ ስለሆነ «ይሄን ያህል ኪሎ ላኪልኝ» ነው የሚለው።

ሌላው ቀለሙ ነው። ስልኬ ቀዩን ነገር ከመጠን በላይ ያቀላዋል፣ እኔም ፊልተር ጨምሬበት ደም አስመስየው ነበር። አንዲት ሐዋሳ ያለች ደንበኛ ደረሳትና «ይሄ ያየሁት አይደለም» አለች፣ ሌላው ከስር ገባና «ባዕድ ነገር ተቀላቅሎበት ይሆናል» ብሎ ጻፈ። በርበሬ ላይ ይሄ ቀልድ አይደለም፣ ከሸክላ አፈር ጋር የተቀላቀለ ተያዘ ሲባል ስንቴ ሰምተናል። ኮሜንቱን ላጠፋው እጄን ዘርግቼ ነበር፣ ተውኩት። ብሯን መለስኩላት፣ ከዛ እማየን ይዤ ወፍጮ ቤት ገብቼ ላይቭ ከፈትኩ። ዘፈን የለም ምንም የለም። እማየ በነጠላዋ አፍንጫዋን ይዛ፣ እኔ እያነጠስኩ፣ ወፍጮው እየጮኸ፣ በርበሬው በነጭ ሳህን ላይ ያለ ፊልተር። ያየው ሰው መቶ አይሞላም ነበር። ከሱ በኋላ ባለው ሳምንት የሸጥነውን ያህል ግን በእስክስታው ዘመን በወርም ሸጠን አናውቅም። ሪያድና ቤሩት ያሉ እህቶች ሁሉ «ለእናቴ አድርሽልኝ» እያሉ ብር በሰው ይልኩ ጀመር።

እና ይሄን ለማር ልጅቷ መንገር የፈለግኩት፣ ማርሽ ብርድ ሲያገኘው ይረጋል፣ እና ስኳር ነው ይሉሻል። ሳይሉሽ በፊት የረጋውን አሳይያቸው።

አሁን ወደ ከባዱ ልምጣ። 2015 ክረምት ላይ ኢንተርኔት ሲቋረጥ ታስታውሳላችሁ፣ ዳታ ለወራት የለም። ገጽ አለኝ፣ ቻናል አለኝ፣ ሎጎ አለኝ (ፏፏቴው ወጥቷል)፣ ግን አንድም ደንበኛየን ማግኘት አልችልም፣ ሁሉም እዛ ውስጥ ነው ያሉት። እስከ አዲስ አበባ 380 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፣ መንገዱም አንድ ቀን ክፍት አንድ ቀን ዝግ፣ የከተማችን ስም ትርጉሙ የሰላም መንገድ ነው፣ እሱን ተዉት። ቁጭ ብየ አለቀስኩ ብላችሁ እመኑኝ።

እማየ ገባችና የሆነ የተማሪ ደብተር ይዛ ወጣች። ለካ እቃ በአውቶብስ ስንልክ ጆንያው ላይ የምጽፈውን ስልክ ቁጥር ሁሉ ከስር ከስር ስትገለብጠው ነበር። ስም የለውም። «ሐዋሳ፣ ቀለም ያለችው፣ ብሯ የተመለሰላት።» «ኮረሪማ እማትወደዋ።» «መርካቶ፣ ጨቅጫቃው፣ ግን በሰዓቱ ይከፍላል።» «ልጇ የታመመባት፣ ስለልጇ ጠይቂ።» ድምፅ ጥሪ ይሰራ ነበርና አንድ በአንድ ደወልን። የሐዋሳዋ መጀመሪያ አነሳች፣ «እንዴት ከረማችሁ፣ ደህና ናችሁ ወይ» ነው ያለችው፣ ስለ በርበሬ የጠየቀችው መጨረሻ ላይ ነው። አምስት ኪሎ አዘዘች።

ደብተሩ አሁን ሁለተኛው ላይ ደርሷል። ኤክሴል ላይ ልገልብጠው ብየ ብጠይቃት «ጨቅጫቃው የሚለውን ግን አንብቦ እንዳይቀየመኝ» ብላ እስካሁን አልሰጠችኝም። በሉ ዝናቡ በረታ፣ ደግሞም እየጠራችኝ ነው፣ በረንዳ ስር የተሰጣው ሳይረጥብ ላስገባ።