የውሻችን ስብና የውሻችን ልብ

ሰላም ናችሁ፣ ስለመጣችሁ በጣም ነው የማመሰግነው። ውሻ የምትወዱ ሰዎች ስለሆናችሁ ዙሪያ ጥምጥም አልሄድም፣ ዛሬ የማወራችሁ ስለ ስብ ነው፣ ስቡ ልቡን ምን እንደሚለው።

እኔ የእንስሳት ሐኪም ነኝ፣ በየቀኑ ከምሰማቸው ነገሮች አንዱ "ዶክተር፣ ወፈር ብሏል እንጂ ምንም አልሆነም" የሚለው ነው። ድሮ ሳይንሱም እንደዛው ነበር የሚያስበው፣ ስብ ማለት ጎተራ ነው፣ የተረፈው ይከተትበታል ሲቸግር ይወጣል፣ በቃ። በ1994 እ.ኤ.አ. ግን ጄፍሪ ፍሪድማን ከነ ቡድኑ አይጥ ላይ ሲመራመር የስብ ሴል ራሱ የሚያመነጨውን ሆርሞን አገኘ፣ ሌፕቲን ይባላል፣ ስሙ ቀጭን ከሚል የግሪክ ቃል ነው የመጣው። ከዛ በኋላ ስብ ጎተራ መሆኑ ቀርቶ ሆርሞን የሚያመነጭ እጢ ሆነ ማለት ይቻላል።

ሌፕቲን ስራው ለአንጎል "ጠግቤያለሁ" ማለት ነው። የወፈረ ውሻ ደም ውስጥ ሌፕቲን ሞልቷል፣ ግን አንጎሉ መስማት ትቷል፣ ስለዚህ አሁንም አይን አይናችሁን እያየ ይለምናል። ሆርሞኑ ደግሞ አንጎል ጋ ብቻ አይደለም የሚደርሰው፣ የልብ ምትና የደም ግፊት የሚጨምሩትን ነርቮች ይቀሰቅሳል፣ ኢንፍላሜሽን፣ ማለትም የሰውነት ውስጥ መቆጣትን፣ ያባብሳል፣ የልብ ጡንቻ ላይም መልእክቱን የሚሰማ ተቀባይ አለው። ልብን ይጠብቃል የሚባለው ሌላኛው የስብ ሆርሞን አዲፖኔክቲን ነው፣ ሰው ሲወፍር ይቀንሳል፣ ውሻ ላይ ግን ጥናቶቹ አልተስማሙም፣ አንዱ ቀነሰ ሲል ሌላው አልተለወጠም ይላል፣ ስለዚህ የሰውን ውጤት ገልብጦ ውሻ ላይ መለጠፍ አይሆንም።

ውሻ እኮ እንደኛ የልብ ደም ስሩ በስብ ተደፍኖ የሚታመመው ከስንት አንዴ ነው። ትንንሾቹ ዝርያዎች፣ በተለይ ካቫሊየር ኪንግ ቻርልስ ስፓኒየል፣ የሚታመሙት የግራ ልባቸው ቫልቭ፣ ደሙን ወደ አንድ አቅጣጫ ብቻ የሚያሳልፈው በር ማለት ነው፣ እየወፈረ አልገጥም ሲልና ደሙ ወደ ኋላ ሲመለስ ነው፣ እንደ ዶበርማን ያሉት ትልልቆቹ ደግሞ የልባቸው ጡንቻ ደክሞ ልቡ ሲሰፋ። ውፍረት ይሄን ቫልቭ ያበላሻል አልላችሁም፣ ግን ቀድሞውኑ ለሚደክም ልብ ሌላ ሸክም ነው፣ የሚረጨው ደም ይበዛል፣ የልቡ ግድግዳ ይወፍራል፣ በደንብ ዘና ብሎ በደም መሙላት ያቅተዋል። ደስ የሚለው፣ ውሻው ሲከሳ ከዚህ ብዙው ይሻሻላል።

አሁን የምላችሁን ግን አደራ በደንብ ስሙኝ፣ ምክንያቱም እዚህ ጋ ነው በፍቅር የምንሳሳተው። ልቡ ገና ጤነኛ የሆነ ወፍራም ውሻ ይክሳ፣ ልቡ ደክሞ መድኃኒት የጀመረ ውሻ ግን ሌላ ታሪክ ነው። አንድ ጊዜ የልብ ድካም ያለባት ትንሽ ውሻ መጣችልኝ፣ ባለቤቷ ልቧን ላግዛት ብላ ምግቧን በግማሽ ቀንሳባታለች፣ እጄን ጀርባዋ ላይ ሳሳልፍ አከርካሪዋ ግራና ቀኝ የነበረው ስጋ የለም፣ አጥንቱ እንደ ማበጠሪያ ጥርስ ይቆጠራል፣ ሆዷ ግን ውሃ ቋጥሮ ክብ ስለሆነ ሴትዮዋ አሁንም ወፍራም ትመስላታለች። ያለቀው ጡንቻዋ ነበር። በ2008 እ.ኤ.አ. የወጣ ጥናት የልብ ድካም ካለባቸው ውሾች ውስጥ ክብደት የጨመሩት ረዘም ያለ ጊዜ እንደኖሩ አሳይቷል፣ ስለዚህ በሽታው ከገባ በኋላ ዳይት በራሳችሁ አትጀምሩ፣ እባካችሁ።

ውፍረቱን በአይን አትመኑት፣ ፀጉሩ ያታልላል። እጃችሁን ዘርጉና በሌላው እጅ ጣት የእጃችሁን ጀርባ ዳብሱት፣ የውሻው ጎድን ሲዳበስ እንደዛ ከሆነ ጥሩ ነው፣ እንደ መዳፋችሁ ከለሰለሰ ወፍሯል፣ እንደ ተጨበጠ ቡጢ አጥንቱ ከጎረበጣችሁ ከስቷል።

ልቡ የታመመ ውሻ ያላችሁ ደግሞ ማታ ጥልቅ እንቅልፍ ሲወስደው አጠገቡ ቁጭ በሉ፣ ደረቱ ወጣ ገባ ሲል አንድ ብላችሁ ለአንድ ደቂቃ ቁጠሩ። ከ30 በታች ከሆነ ጥሩ ነው። ካለፈ ትንሽ ቆይታችሁ ድገሙት፣ አሁንም ካለፈ ይነጋል ብላችሁ አትጠብቁ፣ ያኔውኑ ሐኪሙ ጋ ደውሉ።