የኮሎምቦ ተከራዮች፦ ከድራማው በኋላ የሚመጣው መጽሐፍ

ሰላም ሰላም! እንዴት ናችሁ? ዛሬ ስለ መጽሐፍ ነው የማወራችሁ። ከመጽሐፍ ስለተሠራ ፊልም ግን አይደለም፤ ተገላቢጦሹ ነው። መጀመሪያ የፖሊስ ድራማው በቴሌቪዥን ይታያል፣ ሰው ይወደዋል፣ ከዚያ በዚያው መርማሪ ላይ ልብ ወለድ ይጻፋል። ፈረንጆቹ «ታይ-ኢን» ይሉታል። እኔ ደግሞ «ተከራይ ልብ ወለድ» ነው የምለው። ለምን? ቆይ፣ እነግራችኋለሁ።

ቤት ተከራይታችሁ ታውቃላችሁ? ታውቃላችሁ እንጂ! እኔ አንድ ጊዜ አንድ ግቢ ውስጥ ክፍል ተከራየሁ። አከራዬ፣ እትዬ ነው የምላቸው፣ ቁልፉን ሲሰጡኝ የሕግ መዓት አብረው ሰጡኝ። ሚስማር አትምታ። ልብስ በዚህ በኩል አታስጣ። ከምሽቱ ሦስት ሰዓት በኋላ እንግዳ የለም። ካውያ? በጭራሽ! አንድ እሁድ የቀን መቁጠሪያ ልስቀል ብዬ አንዲት ሚስማር፣ አንዲት ብቻ፣ አንዴ መታኋት። ሁለተኛውን ሳልደግም እትዬ በሩ ላይ ቆመዋል። ነጠላቸውን እንኳ በደንብ አልለበሱትም፤ ሮጠው ነው የመጡት! እዚያች ክፍል ውስጥ ግን ኖሬያለሁ፤ በልቻለሁ፣ ታምሜያለሁ፣ ተዋድጃለሁ። ኑሮው የኔ ነው፤ ግድግዳው የእትዬ ነው።

የታይ-ኢን ጸሐፊም እንዲሁ ነው። ኑሮው የሱ፣ ግድግዳው የሰው።

ኮሎምቦን እንውሰድ፤ የአሜሪካ ቴሌቪዥን የፖሊስ መርማሪ ነው። ሪቻርድ ሌቪንሰንና ዊሊያም ሊንክ ፈጠሩት፣ ፒተር ፎልክ ተጫወተው፣ ተከታታይ ድራማው እ.ኤ.አ. በ1971 ኤንቢሲ በሚባለው የአሜሪካ ጣቢያ ጀመረ። የተጨማደደች ካፖርት፣ አሮጌ ፔጆ 403፣ አፉ ላይ የማትጠፋ ግን ለተመልካች የማትታይ ሚስት። ፔጆ ስል ፈገግ ያላችሁ አባቶች፣ አይቻችኋለሁ! እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ ዊሊያም ሃሪንግተን የሚባል ደራሲ በኮሎምቦ ላይ በርካታ ልብ ወለዶች ጻፈ። አንዱን ከፕሬዚዳንት ኬኔዲ ግድያ ጋር ሁሉ አያይዞታል። እስከዚያ ድረስ መሄድ ይቻላል። ካፖርቷን አስወልቆ ሱፍ ማልበስስ? እስቲ ይሞከር! እትዬ በሩ ላይ ናቸው።

አሠራሩን በሩጫ ልለፈው፣ ታውቁታላችሁ። ገጸ ባሕርዩ የስቱዲዮው ንብረት ነው። አሳታሚው ፈቃድ ይገዛል፣ ጸሐፊ ይቀጥራል፣ ጸሐፊው የታሪኩን ንድፍ ይልካል፣ ስቱዲዮው ያጸድቃል ወይ ይመልሳል። የታየውን ክፍል እንዳለ ወደ ወረቀት የሚገለብጥ አለ፣ አዲስ ወንጀል የሚፈጥርም አለ። የቅጂ መብቱ አብዛኛውን ጊዜ የጸሐፊው አይደለም። አለቀ።

አሁን ወደ ኮሜንቶቻችሁ። ባለፈው ይህን ጉዳይ ጫፉን ብቻ ብነካው «ወንድሜ ተሳስተሃል፣ ፊልም ሁሌ ከመጽሐፍ ነው የሚወጣው» የሚል ጎረፈብኝ። አንዱ ሦስት ጊዜ ነው የጻፈው፣ በቃለ አጋኖ! ከየት እንደመጣ ይገባኛል። እኛ «ፍቅር እስከ መቃብር»ን መጀመሪያ በመጽሐፍ፣ ቀጥሎ በወጋየሁ ንጋቱ ድምፅ በሬዲዮ ነው ያገኘነው። መጽሐፉ አባት፣ ሌላው ልጅ ሆኖ አደግን። በፖሊስ ድራማም እንዲህ ያለ አለ፤ የእንግሊዙ ኢንስፔክተር ሞርስ በኮሊን ዴክስተር መጽሐፍ እ.ኤ.አ. በ1975 ተወልዶ ቴሌቪዥን የደረሰው በ1987 ነው። እሺ? ኮሎምቦ ግን እንደዚያ አይደለም። ኮሎምቦ የስክሪን ልጅ ነው፣ መጽሐፎቹ ኋላ ነው የመጡት። ሽፋኑ ላይ የተዋናዩን ፎቶ አይታችሁም አትፍረዱ፤ ድራማው ሲወጣ የቀደመውም መጽሐፍ ሽፋኑ ይቀየራል። የመብት ገጹን ግለጡ። ባለመብቱ ስቱዲዮ ከሆነ በእጃችሁ የያዛችሁት ተከራይ ነው። በቃለ አጋኖ የጻፍከው ወንድሜ፣ ከተስማማን ሰብስክራይብ አድርግ፤ ካልተስማማንም አድርግ!

እኔ የምወደው ተከራይ ሊ ጎልድበርግ ነው። «መንክ» የተባለው ድራማ እ.ኤ.አ. ከ2002 እስከ 2009 ታየ፤ ጀርም የሚፈራ፣ ሁሉ ነገር ካልተስተካከለ የማይተኛ የሳን ፍራንሲስኮ መርማሪ ነው። ጎልድበርግ ለድራማውም ክፍሎች ጽፏል፤ ከ2006 እስከ 2012 ደግሞ 15 ልብ ወለዶች አወጣ። ተራኪዋ የመንክ ረዳት ናታሊ ናት። ብልጠቱ እዚህ ጋ ነው! መንክን የሚጫወተው የቶኒ ሻሉብ ፊት በወረቀት የለም፤ ስለዚህ ያንን ፊት ቀኑን ሙሉ እያየች የምትበሳጭ ሴት አስቀመጠልን። የመጀመሪያው መጽሐፍ ላይ የመንክ ቤት ምስጥ ይገባዋል፣ መድኃኒት እስኪረጭ ናታሊ ቤት ይገባል። እንግዲህ ያንን ሰው ሳሎናችሁ ውስጥ አስቡት! በዚያው ሰሞን የእሳት አደጋ ጣቢያው ውሻ ይገደላል፤ የናታሊ ልጅ ጁሊ ገዳዩን ፈልግልኝ ትለዋለች። ለውሻ! እሱም ይፈልጋል።

ታዲያ በዚያው ዓመት ምን ሆነ? ድራማው ታሪኩን ወስዶ አንድ ክፍል ሠራበት፤ እዚያ ላይ መንክ ዓይኑ ይጠፋል። አያችሁ? እትዬ የተከራያቸውን ቁም ሳጥን ወደውት ሳሎናቸው አስገቡት፤ በሩን ብቻ ቀየሩት።

ግድግዳ ያፈረሰም አለ። «ፎርብሪዴልሰን» የተባለውን የዴንማርክ ድራማ፣ ያንን የ20 ክፍል ምርመራ፣ እንግሊዛዊው ዴቪድ ሂውሰን እ.ኤ.አ. በ2012 ልብ ወለድ ሲያደርገው መጨረሻውን ለወጠው። ድራማውን ጨርሼ «አውቀዋለሁ» ብዬ ነበር የገባሁበት። አፍሬ ወጣሁ። እንዴት እንደለወጠው አልነግራችሁም፣ አትጠይቁኝ።

ከሁሉም የሚገርመኝ ግን «ካስል» ነው። ድራማው ውስጥ ሪቻርድ ካስል የወንጀል ልብ ወለድ ደራሲ ነው። እ.ኤ.አ. በ2009 እዚያ ውስጥ የሚጽፈው መጽሐፍ እውነትም ታትሞ ወጣ፣ የኒው ዮርክ ታይምስ የሽያጭ ዝርዝር ውስጥም ገባ። ሽፋኑ ላይ ያለው የደራሲ ስም ሪቻርድ ካስል ነው፤ ከጀርባ ያለው ፎቶ የተዋናዩ የኔተን ፊሊየን ነው፤ የጻፈው እጅ የሌላ ሰው ነው። እትዬ ቢሆኑ መጀመሪያ መታወቂያውን ነበር የሚቀበሉት።