ቀይ ክዳንና የስልክ ባትሪ

ጤና ይስጥልኝ! ከየጤና ጣቢያው ስለመጣችሁ አመሰግናለሁ። ዛሬ የምናየው የዓይን ነርቭ ጉዳትን እንዴት እንደምትጠረጥሩ ነው። ስላይድ የለኝም። ያመጣሁት ቀይ የለስላሳ ክዳን ነው፤ ባትሪ ደግሞ ሁላችሁም ስልክ ላይ አለ።

አንድ የሚኒባስ ሾፌር ነበረ። የቲቢ መድኃኒት ላይ ነው፣ ሁለተኛ ወሩን ሊጨርስ ጥቂት ቀርቶታል፣ ኩላሊቱም ደህና አልነበረም። ሌላ ቦታ ሁለት ጊዜ መነጽር ቀይረውለታል። «ዶክተር፣ መብራቱ ላይ ቀዩና አረንጓዴው ተምታታብኝ፤ የፊተኛው መኪና ሲቆም ነው የምቆመው» አለኝ። ከዚያ ወዲህ ጋቢና መቀመጥ ትቻለሁ።

ጥፋተኛው ከቲቢ መድኃኒቶቹ አንዱ፣ ኢታምቡቶል ነበር። ዓይኑ ሲያዩት ንጹሕ ነው፦ ሞራ የለ፣ መቅላት የለ፣ ሕመም የለ። የተጎዳው ከዓይኑ ኋላ ያለው፣ የምናየውን ወደ አንጎል የሚወስደው ነርቭ ነው። ቶሎ ከተደረሰበትና ሐኪሙ መድኃኒቱን ካስቆመ እይታው ብዙ ጊዜ ይመለሳል፤ ሁልጊዜ ግን አይደለም።

እንግዲህ «ዓይኔ ደከመብኝ» የሚል ሰው ሲመጣ መጀመሪያ ወረቀት በመርፌ ብሱና በቀዳዳው ያንብብ። ከተሻለው ነገሩ በአብዛኛው የመነጽር ነው። ካልተሻለው ክዳኑን በአንድ ዓይኑ፣ ከዚያ በሌላው አሳዩት። «በዚህኛው ቀዩ ደበዘዘ፣ ቡናማ መሰለ» ካለ፣ በሁለቱም ዓይኑ ቢሆን እንኳ፣ ነርቩን ጠርጥሩ። ቀጥሎ ክፍሉን ጨለም አድርጉና ባትሪውን ከአንዱ ዓይን ወደ ሌላው እያመላለሳችሁ ብሌኑን እዩ። ጤነኛው ላይ ሲበራ ይጠባል፤ ወደ ታመመው ስታዞሩት ጠቦ መቆየት ሲገባው ከሰፋ፣ በአብዛኛው ነርቩ ነው። የዓይን ሞራ ብቻውን እንዲህ አያደርግም። ግን ተጠንቀቁ፦ ሁለቱም ዓይኖች እኩል ከተጎዱ ልዩነት አይታይም። ሾፌሩም ላይ በባትሪው ምንም አላየሁም፤ ያጋለጠው ክዳኑ ነው።

የቱ በሽታ እንደሆነ የሚለየው በአብዛኛው ታማሚው የሚነግራችሁ ወሬ ነው። ወጣት ሴት፣ አንድ ዓይን፣ በቀናት ውስጥ የደበዘዘ፣ ዓይኗን ስታንቀሳቅስ የሚያማት ከሆነ የነርቭ ብግነት አስቡ። ስኳር ወይም ደም ግፊት ያለበት ጎልማሳ «ማታ ደህና ተኝቼ ጠዋት የታችኛው ግማሽ ጨለመብኝ» ካለ፣ ያለ ሕመም፣ ነርቩ ደም አጥቶ ሊሆን ይችላል። ራስ ምታት ያለበት፣ ጎንበስ ሲል ለሰከንዶች ዓይኑ ጥቁር የሚልበት ሰው ፊደል ሁሉ በትክክል ቢያነብላችሁም አትሸኙት፤ ጭንቅላቱ ውስጥ ግፊት ሊኖር ስለሚችል በዚያው ቀን ሪፈር። ምንጩ ያልታወቀ መጠጥ ጠጥቶ በማግስቱ «ሁሉም ነገር ነጭ ጭጋግ ሆነብኝ» የሚል ከመጣ ደግሞ ሚታኖል፣ መርዛማው አልኮል፣ ነው ብላችሁ ሩጡ፤ ወደ ዓይን ክሊኒክ ሳይሆን ወደ ድንገተኛ ክፍል።

ግላኮማን፣ ይህንኑ ነርቭ ቀስ በቀስ የሚጎዳውን ሌላ በሽታ፣ ከሰዓት ለብቻው እናየዋለን፣ እሱ እንዲህ አይናገርም፣ ዳር ዳሩን እየበላ ዝም ብሎ ነው የሚመጣው።

አሁን ጥንድ ጥንድ ሁኑ። መጋረጃውን የሚዘጋልኝ ማነው? ክዳኖቹ ከረጢቱ ውስጥ ናቸው።