ውሃ ደሴ ላይ በ92 ዲግሪ ይፈላል

እንደምን አመሻችሁ። ዛሬ እንግዳ የለኝም፤ ብቻዬን ነኝ። ከጦሳ ተራራ የሚወርደው ብርድ አጥንት ድረስ ይገባል። እናቴ ወዲያኛው ክፍል ቡና አፍልታ ቶናው ላይ ደርሳለች። የሲኒ ድምፅ ከሰማችሁ ከዚያ ነው።

ዛሬ የማወራችሁ ኢንተርኔት ላይ በነፃ ስለሚገኙ የትምህርት ቪዲዮዎች ነው። እንዴት እንደምፈልጋቸው፣ ካገኘኋቸው በኋላ ምን እንደማደርጋቸው። የፊዚክስ አስተማሪ ነኝ። ላለፉት ጥቂት ዓመታት ማታ ማታ እንቅልፌን የሚወስደው ይሄ ፍለጋ ነው። እና ዕድሜዬን ያህል የቆየ ስሜትም አለብኝ በዚህ ጉዳይ ላይ። ከፕላዝማው ልጀምር።

እኔ 9ኛ ክፍል የገባሁት በ1998 ዓ.ም. ነው። የሳተላይቱ ትምህርት ከተጀመረ ገና አንድ ዓመት ገደማው ነበር። ክፍላችን ፊት ለፊት ትልቅ ስክሪን በሳጥን ተቆልፎ ተሰቅሏል። ሰዓቱ ሲደርስ ይከፈታል። አስተማሪው ከውስጥ በእንግሊዝኛ ይናገራል፤ ፈጣን ነው። ጥያቄ ይጠይቅና ትንሽ ዝም ይላል። እኛ ጥያቄውን በሆዳችን ወደ አማርኛ ገልብጠን ሳንጨርስ፣ መልሱን ራሱ ተናግሮ ያልፋል። የክፍላችን መምህርት መጀመሪያና መጨረሻ ላይ ጥቂት ደቂቃ ነበራት። መሃሉ የስክሪኑ ነው። መብራት ከሄደ ያ ትምህርት ሄደ ማለት ነው፤ ነገ የሚመጣው ቀጣዩ ነው።

አንድ ቀን ቬክተር እየተማርን፣ አጠገቤ የሚቀመጠው ልጅ እጁን አወጣ። ለስክሪኑ። አልገባውም፤ ይቁምልኝ ማለቱ ነው። ማን ያቁምለት? አስተማሪው ቀጠለ። ልጁ እጁን አየር ላይ ትንሽ አቆይቶ፣ ማንም እንዳያየው ቀስ አድርጎ አወረደው። ያ እጅ እስካሁን ከዓይኔ አልጠፋም።

ፕላዝማው ምንም አልጠቀመም አልልም። እኛ ትምህርት ቤት አይተን የማናውቀውን ሙከራ በዓይናችን ያየነው በእሱ ነው። ግን የማይቆም አስተማሪ ነበር።

አሁን በነፃ የትምህርት ቪዲዮዎቹ የሚታወቀውን የካን አካዳሚን ታሪክ አስቡት። ሳልማን ካን በ2004 እ.ኤ.አ. አሜሪካ ውስጥ ተቀጥሮ እየሠራ፣ ሌላ ከተማ ለምትኖር ታናሽ ዘመዱ በስልክ ሒሳብ ማስጠናት ጀመረ። የቤተሰብ ጉዳይ ነው፤ እኛም ጋ ያለ ነገር ነው። ሌሎች የዘመድ ልጆች ተጨመሩ። በ2006 ቪዲዮ እየቀዳ ዩቲዩብ ላይ መጫን ጀመረ። ልጆቹ ምን አሉት መሰላችሁ? ፊት ለፊት ከምታስረዳን ይልቅ በቪዲዮው ብናይህ ይሻለናል አሉት። ለምን ቢባል፣ ቪዲዮውን ማቆም ይችላሉ። የረሱትን ካለፈው ዓመት ትምህርት ሳያፍሩ መልሰው ያያሉ። አምስቴ ቢደግሙት የሚሰለቻቸው ሰው የለም። ይሄን ስሰማ ትዝ ያለኝ ያ ልጅ ነው።

ወደ ራሴ ልምጣ። በ2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ደሴን አልፎ ሄዶ ትምህርት ቤት ስንመለስ፣ ላቦራቶሪው በር አልነበረውም። መደርደሪያው ባዶ ነው። ወለሉ ላይ የተሰበረ ብርጭቆ። ወሎ ውስጥ ብዙ ትምህርት ቤት የደረሰበት ነው፤ ወሬውን አላበዛም። ከአንድ መሳቢያ ጥግ በጋዜጣ የተጠቀለሉ ሁለት ቴርሞሜትሮች ተርፈው አገኘሁ። ሌላ ምንም የለም። ሙከራ የሌለበት ፊዚክስ ደግሞ የቃል ጥናት ነው። ቪዲዮ መፈለግ የጀመርኩት ያን ጊዜ ነው፤ ወድጄ ሳይሆን እጄ ባዶ ስለሆነ።

መጀመሪያ ላይ የምጽፈው «9ኛ ክፍል ፊዚክስ» እያልኩ ነበር። የሚመጣው ጎርፍ ነው። አንዱ ሁለት ሰዓት ይረዝማል፣ አንዱ ጥያቄና መልስ ብቻ ነው፣ አንዱ ርዕሱና ውስጡ አይገናኝም። አሁን የማደርገው የመማሪያ መጽሐፉን ከፍቶ የንዑስ ርዕሱን እንግሊዝኛ ልክ እንዳለ መጻፍ ነው። ከዚያ ደግሞ እሱን ትቼ፣ ማየት የምፈልገውን ነገር እጽፋለሁ። ይሄኛው ልዩነቱ ትልቅ ነው። «ኤሌክትሮማግኔቲክ ኢንዳክሽን» ብላችሁ ከፈለጋችሁ የሚመጣው አብዛኛው ሰሌዳ ላይ የሚጻፍ ቀመር ነው። «ማግኔት ጥቅል ሽቦ ውስጥ ሲገባና ሲወጣ» የሚለውን በቀላል እንግሊዝኛ ብትጽፉ ግን፣ አንድ ሰው በእጁ ማግኔት ይዞ፣ የኤሌክትሪክ መለኪያው መርፌ ግራና ቀኝ ስትወዛወዝ ታያላችሁ። እኔ የምፈልገው መርፌዋን ነው። ቀመሩን እኔው እጽፈዋለሁ።

ዩቲዩብ ላይ ማጣሪያም አለ። በርዝመት መምረጥ ይቻላል፤ ለክፍል አጭሩ ነው የሚሻለው። የግርጌ ጽሑፍ ያለውን ብቻ አምጣልኝ ማለት ይቻላል፤ ይሄ ለኛ ልጆች ትልቅ ነገር ነው፣ ምክንያቱም እንግሊዝኛውን ከሚሰሙት ይልቅ ሲያነቡት ይገባቸዋል። ክሬቲቭ ኮመንስ የሚል ምርጫም አለ። ባለቤቱ ስሜን ጥቀሱ እንጂ ተጠቀሙበት ብሎ አስቀድሞ ፈቅዷል ማለት ነው። ከተናጋሪው ፍጥነት ጋር መሄድ ላቃተው ደግሞ ፍጥነቱን ወደ 0.75 ማውረድ ነው። ብዙ ተማሪ ይሄን አያውቅም! ሳሳያቸው ፊታቸው ሲበራ አያለሁ። ዩቲዩብ በራሱ ወደ አማርኛ የሚተረጉመውን ጽሑፍ ግን ብቻውን አትመኑት፤ የሳይንስ ቃል ላይ ያሳስታል።

ከቪዲዮ ትንሽ ወጣ ያለ ቢሆንም ፌት (PhET) የሚባለውን፣ በኮምፒዩተር የሚሠራ የሳይንስ ሙከራ ማስመሰያ፣ ሳልጠቅስ አላልፍም። በኮሎራዶ ዩኒቨርሲቲ በ2002 እ.ኤ.አ. የተጀመረ ነው፤ መሥራቹ ካርል ዋይማን የፊዚክስ ኖቤል ተሸላሚ ነው። ቪዲዮ ዝም ብሎ ይታያል፤ ፌት ላይ ግን ልጁ ራሱ ይነካካል። እሳቱን ይጨምራል፣ ግፊቱን ይቀንሳል፣ ሞለኪውሎቹ ሲራወጡ ያያል። በነፃ ነው። አንዴ ከወረደ ያለ ኢንተርኔት ይሠራል። ዩኒቨርሲቲ ለገባችሁ ደግሞ የአሜሪካው ኤምአይቲ ዩኒቨርሲቲ ትምህርቶቹን በነፃ የሚያቀርብበት ኦፕን ኮርስዌር አለ። ከንግግሩ ጋር የቤት ሥራውም ፈተናውም አብሮ ተቀምጧል።

ያለ ኢንተርኔት ካልኩ አይቀር፣ እኛ አካባቢ ኢንተርኔት ለወራት የጠፋበትን ጊዜ አይተናል። ስለዚህ ያገኘሁትን ሊንክ አስቀምጬ አልተኛም። እንዲወርዱ የተፈቀዱትን ሌሊት፣ ዳታው ረከስ ሲል አወርዳለሁ። በምዕራፍ በምዕራፍ ፎልደር አለኝ። አሮጌ ላፕቶፕ ላይ ኮሊብሪ የሚባል ነፃ ፕሮግራም ጭኛለሁ። የካን አካዳሚ ቪዲዮዎችና ልምምዶች ውስጡ ተቀምጠዋል፤ ልጆቹ በስልካቸው ዋይፋይ ከላፕቶፑ ጋር ይገናኙና ያያሉ፣ ዳታ አይቆርጥባቸውም። ስልክ የሌለው ጓደኛው ጋ ይጠጋል። ሁለት ልጅ በአንድ ስልክ ሲያይ እንዲያውም ደስ ይለኛል፤ አንዱ «አቁመው፣ አቁመው» ይላል፣ ሌላው ያቆማል፣ ይከራከራሉ።

በነፃ መማር ለወሎ ሰው እንግዳ ነገር አይደለም። ሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም በ13ኛው ክፍለ ዘመን አባ ኢየሱስ ሞዓ ሲያስተምሩ ተማሪው ከየት ከየት በእግሩ እየመጣ ነበር። የእስልምና ትምህርት የሚሰጥባቸው ጀማ ንጉሥም ዳናም እንዲሁ፤ ደረሳው ኪታቡን ይዞ ይመጣል፣ ሸሁ ገንዘብ አይጠይቁም፣ መንደሩ ያበላዋል። የቆሎ ተማሪውንም መንደሩ ነው ያበላው። እናቴ ልጅ ሆና፣ ማታ ለደረሳ የሚሰጠው እንጀራ ተለይቶ ይቀመጥ እንደነበር ትነግረኛለች፤ እኛ ክርስቲያኖች ነን። እና ማስተማር ነፃ ሲሆን ወጪውን የሚሸፍን ሰው ከጀርባ አለ። ዛሬ ቪዲዮው ነፃ ነው፤ ዳታው ግን የልጁ ነው፣ ፈልጎ አጥቶ የሚያመሸውም ልጁ ነው። ያን ድርሻ እኛ አስተማሪዎች ብንወስድለት ብዬ ነው ሌሊት የምቀመጠው።

አንድ ስህተቴን ልንገራችሁ። ስለ መፍላት አንድ ቆንጆ አጭር ቪዲዮ አገኘሁ። መጀመሪያውን አይቼ ቴሌግራም ላይ ለልጆቹ ላክሁት። ፈተና ላይ አንዱ ተማሪ «ውሃ በ212 ዲግሪ ይፈላል» ብሎ ጻፈ። ተናድጄ ላጠፋው ስል ቪዲዮው ትዝ አለኝ። እስከ መጨረሻው አየሁት። ሰውየው አሜሪካዊ ነው፤ መጨረሻ ላይ በፋራናይት ነው የሚናገረው። ልጁ የሰማውን ነው የጻፈው። ነጥቡን ሰጠሁት፤ ክፍል ውስጥም ጥፋቱ የእኔ እንደሆነ ተናገርኩ። ከዚያ ወዲህ ሙሉውን ሳላይ ለማንም አልክም።

ታዲያ ሌላ ቪዲዮ ፈለግሁ። በሴንቲግሬድ የሚናገር። አገኘሁ፤ ጥርት ያለ ነው። ውሃ በ100 ዲግሪ ይፈላል አለ። ክፍል ውስጥ አሳየኋቸውና ልክ እዚያ ላይ አቆምኩት። «እውነት ነው?» አልኳቸው። ሁሉም አዎ አሉ። መጽሐፉም ይላል፣ ቪዲዮውም ይላል።

በማግስቱ ከሰል ማንደጃና ድስት ይዤ ገባሁ። ከሁለቱ ቴርሞሜትሮች አንዱን አወጣሁ። አንዷን ልጅ አንብቢ አልኳት። ውሃው መንተክተክ ጀመረ። 90። 91። 92 ላይ ቆመ። እሷም ቆመች። ከሰሉን አራገብን። 92። «ቲቸር፣ ተበላሽቷል» አለችኝ። ሁለተኛውን አወጣሁ። እሱም 92።

ያን ጊዜ ክፍሉ እንዴት እንደተንጫጫ ልነግራችሁ አልችልም።

ነገሩ ወዲህ ነው። ደሴ ከባሕር ጠለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ናት። ከፍታ ሲጨምር አየሩ ይሳሳል፣ ውሃው ላይ የሚጫነው ግፊት ይቀንሳል፣ ስለዚህ ውሃው በትንሽ ሙቀት ይፈላል። በግምት በየ300 ሜትሩ አንድ ዲግሪ ይወርዳል። ቪዲዮው አልዋሸም፤ የሚናገረው ስለ ባሕር ጠለል ነው። እዚህ ጋ ነው አስተማሪው የሚያስፈልገው። ደሴን የሚያውቅ ቪዲዮ አላገኘሁም፤ ደሴን የማውቀው እኔ ነኝ።

ማታ ለእናቴ ነገርኳት። ኮምቦልቻ ከዚህ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ናት፤ ሐረጎን ስትወርዱ ጆሮ የሚደፈንበት መንገድ ነው። ከፍታዋ ወደ 1,850 ሜትር ነው፤ ስለዚህ ውሃው ከደሴ በበለጠ ሙቀት ይፈላል። እናቴ ትንሽ አሰበችና፣ «እህቴ ዘንድ ስሄድ ንፍሮው ቶሎ ነው የሚበስለው። እኔ እኮ የኮምቦልቻ ባቄላ የተለየ መስሎኝ ነው፤ ስንት ጊዜ ገዝቼ መጣሁ» አለች። ይሄን ለልጆቹ ነገርኳቸው። አሁን ደሴ ያለ ልጅ ሁሉ ግፊትን የሚያስታውሰው በባቄላ ነው። አንዱ ተማሪ ቅዳሜ ቴርሞሜትሩን ይዞ ኮምቦልቻ አጎቱ ዘንድ ወረደ። ድስቱንና ቴርሞሜትሩን በስልኩ ቀርጾ ቴሌግራም ላይ ላከልን። 94። የድስቱ ክዳን ይንኳኳል፣ ከኋላ የሕፃን ድምፅ ይሰማል፣ ምስሉ ይንቀጠቀጣል። በአማርኛ ነው የሚያስረዳው። እስከ መጨረሻው አየሁት፤ አንድም ስህተት የለውም። የዘንድሮዎቹን ተማሪዎች ከካን አካዳሚው ቀጥሎ የማሳያቸው እሱን ነው።

ባለፈው ሳምንት ደግሞ ያቺ «ተበላሽቷል» ያለችኝ ልጅ ቢሮ መጣች። ለሴሚስተር እረፍት አያቶቿ ዘንድ ደላንታ ልትሄድ ነው። ደላንታ ከደሴም ከፍ ይላል። ቴርሞሜትሩን ልውሰደው ወይ አለችኝ። መንገዱ ረጅም ነው፣ መኪናው ይነቀንቃል፣ ያሉኝ ሁለት ብቻ ናቸው። «ስንት የሚሆን ይመስልሻል?» አልኳት። «90፣ ምናልባት ከዚያም በታች» አለች፤ በጣቷ ሠርታ ነው የመጣችው። በካልሲ ጠቅልዬ፣ በካርቶን አድርጌ ሰጠኋት። ቪዲዮውን እየጠበቅን ነው።