አረጋውያን የፎቶ ማድመቂያ አይደሉም

የተከበራችሁ የመጦሪያ አስተዳዳሪዎች፣ የአጸደ ሕጻናት መምህራን፣ ተንከባካቢዎች፣ ወላጆች፤ ከሁሉም በፊት በፊተኛው ረድፍ የተቀመጣችሁ እናቶችና አባቶች፤

እንደምን አረፈዳችሁ። መርሐ ግብሩ ላይ የእኔ ርእስ «የሕጻናትና የአረጋውያን ትስስር ጥቅም» ይላል። ጥቅሙን ባታውቁት ኖሮ እዚህ አትገኙም ነበርና እሱን አልዘረዝርም። የምናገረው ያንኑ ጥቅም በገዛ እጃችን ስለምናበላሽበት መንገድ ነው።

ሁላችሁም አይታችሁታል። የበዓል ዋዜማ ነው። አርባ ሕጻናት በአውቶቡስ ይመጣሉ። ከመምጣታቸው አንድ ሰዓት ቀድሞ አረጋውያኑ ከየክፍላቸው እየተገፉ አዳራሽ ውስጥ ይደረደራሉ። ከእንቅልፍ የተቀሰቀሱ አሉ፤ ሽንት ቤት መሄድ ፈልገው «ትንሽ ይታገሡ» የተባሉም አሉ። ሕጻናቱ መስኮቱን ከኋላቸው አድርገው ስለሚቆሙ ፊታቸው ጨለማ ነው። ድምፅ ማጉያው ያፏጫል። ሦስት መዝሙር፣ ጭብጨባ፣ ስጦታ፣ ከዚያ ፎቶ። ፎቶ አንሺው «እማማ፣ ልጁን ይቀፉት እስቲ» ይላል። ልጁ በማያውቃቸው ሴት ክንድ ውስጥ ደርቆ ይቆማል። እሳቸው ስሙን አልሰሙም፤ እሱ ስማቸውን የሚጠይቅበት ጊዜ አልተሰጠውም። ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ አውቶቡሱ ሄዷል። ማታ ደግሞ የመርሳት ሕመም ያለባቸው እናት «ልጆቹን ማን ወሰዳቸው?» እያሉ ኮሪደሩን ሲመላለሱበት፣ አብራቸው የምትመላለሰው ተረኛዋ ተንከባካቢ ብቻ ናት። በማግስቱ ፎቶው ተለጥፎ ምስጋና ይጎርፍለታል።

ማነው የተጠቀመው? እስቲ ንገሩኝ! አረጋውያን የፎቶ ማድመቂያ አይደሉም! ሕጻናትም የማንም ድርጅት የበጎነት ማስረጃ አይደሉም!

ይህ ዝግጅት የማይሠራው ሰዎቹ ክፉ ስለሆኑ አይደለም። ምክንያቱ ከጆሮ ይጀምራል። በዕድሜ የሚመጣ የመስማት ድካም መጀመሪያ የሚወስደው ቀጫጭኑን ድምፅ ነው፤ የሕጻን ድምፅ ደግሞ ቀጭን ነው። በሚያስተጋባ አዳራሽ ውስጥ አርባ ልጆች አብረው ሲዘምሩ፣ ለሰማንያ ዓመት ጆሮ ጫጫታ እንጂ ቃል አይደርሰውም። የመስሚያ መሣሪያ ያደረጉትማ ይብስባቸዋል፤ መሣሪያው ጫጫታውንም አብሮ ያጎላዋል። ከዚያ እኛ «ፈዘዋል፣ ደስ አላላቸውም» እንላለን።

በሌላው ዓለም ሕጻናትንና አረጋውያንን አዘውትሮ ማገናኘት ከተጀመረ ቆይቷል። ቶኪዮ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1976 የሕጻናት መዋያና የአረጋውያን መጦሪያ በአንድ ግቢ ተጣምረዋል። ሲያትል ውስጥ ከ1991 ጀምሮ፣ ለንደን ውስጥም ከ2017 ጀምሮ በመጦሪያ ውስጥ የተከፈቱ መዋያዎች አሉ። አንድ ጣሪያ መጋራት ለሁሉም አይቻልም። የሚቻለው መደጋገም ነው፦ ያው ልጅ፣ ያው አረጋዊ፣ ያው ቀን፣ ያው ጠረጴዛ፣ በየሳምንቱ።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ከአራት እስከ ስድስት ልጆች፣ የዚያኑ ያህል አረጋውያን፤ ከዚያ አይብለጥ። ጊዜው ከረፋዱ 4 ሰዓት ግድም ይሁን፤ ቁርስና መድኃኒት አልቆ፣ ሽንት ቤት ተሂዶ። ከቀትር በኋላ ሲመሽ የመርሳት ሕመም ያለባቸው ብዙዎች ይረበሻሉ፤ ትንንሾቹም በዚያ ሰዓት ይነጫነጫሉ። ጠቅላላው 45 ደቂቃ ይበቃል። የአራት ዓመት ልጅ በአንድ ሥራ ላይ ከሩብ ሰዓት በላይ እምብዛም አይቆይምና ሁለት ወይም ሦስት ሥራ ይዘጋጅ። የመጀመሪያዎቹ ሁለት ሦስት ሳምንታት ዝምታ ይበዛባቸዋል፤ አንዳንዱም ልጅ ከመምህሯ ቀሚስ አይላቀቅም። ብዙዎች «አልሠራም» ብለው የሚያቋርጡት እዚህ ላይ ነው፤ ሊሠራ ሲል!

ቴሌቪዥኑ ይጥፋ። ጥንዶቹ፣ ማለት አንድ ልጅና አንድ አረጋዊ፣ ፊት ለፊት ሳይሆን በጠረጴዛው ማዕዘን ይቀመጡ፤ ያኔ እጅ ለእጅ ይደርሳል። ርቀታቸው ከአንድ ሜትር አይበልጥ፤ ብርሃኑ በልጁ ፊት ላይ ይረፍ። ተሽከርካሪ ወንበር ከጠረጴዛው ሥር እንዲገባ ለጉልበት 70 ሴንቲ ሜትር ያህል ክፍተት ያስፈልጋል። እንዲህ ያለ ጠረጴዛ ላይ ልጁ በአጭር ወንበር ከተቀመጠ አገጩ ብቻ ነው የሚታየው፤ እግሩን የሚያሳርፍበት ከፍ ያለ ወንበር ይሰጠው፣ ዐይን ለዐይን ይተያዩ። ልጆቹ ከመግባታቸው በፊት የሁሉም ተሽከርካሪ ወንበር ፍሬን ይያዝ። ወለሉም ይታይ፤ የወደቀ ክኒን ወይም የመስሚያ መሣሪያ ባትሪ ለትንሽ ልጅ አደጋ ነው። ትኩስ መጠጥ ልጆቹ ከሄዱ በኋላ ይቅረብ።

አሁን ወደ ዋናው ልምጣ። አረጋዊው ሥራ ይሰጠው! ዝም ብሎ ተመልካች አይሁን፣ እንግዳም አይሁን። ካሜሮን ካምፕ የተባለው አሜሪካዊ የሥነ ልቦና ባለሙያ በ1990ዎቹ የሞንቴሶሪን ዘዴ፣ ማለት ሕጻናት በእጃቸው እየሠሩ የሚማሩበትን ዘዴ፣ የመርሳት ሕመም ላለባቸው ሰዎች ሲያመቻች፣ እነዚህ ሰዎች ትንንሽ ልጆችን ማስተማር እንደሚችሉ አሳይቷል። ስምና ቀን ከጠፋ በኋላም እጅ የለመደው ሥራ ብዙ ጊዜ ይቆያል። ጨርቅ ማጠፍ፣ ክር መጠቅለል፣ ቋጠሮ መቋጠር፣ እንጨት በአሸዋ ወረቀት ማለስለስ።

ሥራው አንዱ ያለ ሌላው እንዳይጨርሰው ሆኖ ይከፈል። ዘር መትከልን ውሰዱ። አባባ አፈሩን ይሞላሉ፤ ልጁ በጣቱ እስከ መጀመሪያው አንጓ ቀዳዳ ያበጃል፤ ዘሩን እሳቸው ይጥላሉ፤ ልጁ ያለብሳል፤ ውኃውን አብረው ያጠጣሉ። ዘሩ ባቄላ ወይም ቦሎቄ ይሁን። ደቃቅ ዘር ለሚንቀጠቀጥ እጅ ስድብ ነው፤ የሚያሳፍር ሥራ ለሰው አይሰጥም። በዚያ ላይ ቦሎቄ ከሳምንት እስከ አሥር ቀን ባለው ጊዜ ብቅ ስለሚል፣ ልጁ ሲመለስ የሚያየው ነገር ይኖራል። አንድ ነገር ብቻ ተጠንቀቁ፦ የመርሳት ሕመም የጠናባቸውም እንደ ሕጻን ያገኙትን ወደ አፍ ሊወስዱ ይችላሉና በእነሱ ጠረጴዛ ላይ ዘር፣ ቁልፍና ዶቃ አይቅረብ፤ ጨርቅና ክር ይበቃል።

እባካችሁ ደግሞ «ያስታውሱታል? ስሙ ማን ነበር?» እያላችሁ ሰው አትፈትኑ! ፈተና ለመውደቅ የሚመጣ የለም። ልጁ በየሳምንቱ ራሱ ስሙን ይናገር፤ በትልልቅ ፊደል የተጻፈ ስም ሁለቱም ደረታቸው ላይ ይለጥፉ። መምጣት ያልፈለገ አረጋዊ ይቅር፤ «ለልጆቹ ሲሉ» ብሎ መገፋፋትም ነውር ነው። ልጁም እቅፍና ስሞሽ አይገደድ። ሰላምታው መዳፍ ለመዳፍ ይሁን፤ ያረጀ ቆዳ ስስ ነው፣ ደም ማቅጠኛ በሚወስዱት ላይ ደግሞ የልጅ አጨባበጥ እንኳ ክንድ ላይ ያበልዛል።

ስለ ሕመም ባጭሩ፦ ያስመለሰው ወይም ያስቀመጠው ልጅ ምልክቱ ከቆመ 48 ሰዓት ሳይሞላው አይምጣ። እጅ በሳሙናና በውኃ ለ20 ሴኮንድ ይታጠብ፤ የአልኮል ማጽጃ ትውከትና ተቅማጥ በሚያመጣው በኖሮ ቫይረስ ላይ ደካማ ነው። አልማዝ ባለጭራ የወጣባቸው አረጋዊ ቁስሉ እስኪደርቅ ይቆዩ፤ ከዚያ ቁስል ልጁ ጉድፍ ሊይዘው ይችላልና።

አረጋዊ ሲሞቱ ለልጆቹ «ሞተዋል» በሏቸው። «ተኝተዋል» የተባለ ልጅ መተኛት ሊፈራ ይችላል። ለልጆቹ የሚነግራቸው ሰው ማን እንደሆነ፣ ወላጆችም እንዴት እንደሚያውቁ አስቀድሞ ይወሰን።

የቀረው ገንዘብ ነው፤ እሱም ብዙ አይደለም። ጥንዶቹን የሚመርጥ፣ ሥራውን የሚያዘጋጅ፣ ለወላጅ የሚደውል፣ ክፍሉን የሚያሰናዳ አንድ ሰው ያስፈልጋል፤ በሳምንት አንድ ሙሉ ቀን ይበቃዋል። ይህን በተንከባካቢዎች ትከሻ ላይ «በተጨማሪ» ብላችሁ አትጫኑት፤ እነሱ የጫናችሁባቸውን አልጨረሱም! ለበዓል ዝግጅት አውቶቡስ፣ ድምፅ ማጉያና ፎቶ አንሺ የምትከራዩበት በጀት አለ። አስተዳዳሪዎች ሆይ፣ ያንን በጀት ለዚህ ሰው ደሞዝ ታዞሩት እንደሆነ ከምሳ በፊት በሚኖረው ውይይት፣ እናቶችና አባቶች እየሰሟችሁ፣ እንድትመልሱልን እጠይቃለሁ።

አመሰግናለሁ።